ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በራስ አቅም፦ ስለ ጣና የጀልባ ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለጥምቀት ወይም ለዕረፍት ጎንደር የመጣ እንግዳ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ካየ በኋላ ስለ ጣና መጠየቁ አይቀርም። ያለ አስጎብኚ ድርጅት፣ በትንሽ ወጪ፣ በጀልባ ተጉዞ ዳርቻው ላይ ወርዶ መመለስ ይቻላል። የሚያስቸግረው ከሰው ሰው የሚተላለፈው ምክር ነው፤ አንዳንዱ ኪስ ያራቁታል፣ አንዳንዱ ቀን ያባክናል።

«ጣናን ለማየት ባሕር ዳር መሄድ ግድ ነው»

ባሕር ዳር ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ መንገዱ በአዘዞ፣ በቆላድባና በጯሂት አድርጎ ደምቢያን ያቋርጣል። የዘጌን ገዳማት ወይም ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ ማየት የፈለገ በእርግጥ ባሕር ዳር ይሂድ። ሐይቅ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና ትኩስ የቀረሶ ዓሣ ለፈለገ ግን ጎርጎራ ይበቃዋል። በየትኛውም በኩል ቢሄዱ በዋዜማው መናኸሪያ ወርዶ የመንገዱን ደኅንነት ከሾፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ለብቻ መሄድ ሁልጊዜ ይረክሳል»

በመኪናው ይረክሳል፣ በጀልባው ግን አይረክስም። የሞተር ጀልባ የሚያዘው በኮንትራት ስለሆነ ዋጋው የጀልባው እንጂ የሰው አይደለም። አንድ ሰው ቢሳፈርም ስምንት ሰው ቢሳፈርም የሚቃጠለው ነዳጅ ያው ነው። ለምሳሌ ኮንትራቱ 6,000 ብር ቢሆን ለሁለት ሰው 3,000፣ ለስምንት ሰው ደግሞ 750 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ገንዘብ የሚቆጥበው ክርክሩ ሳይሆን ሰው መሰብሰቡ ነው፤ ጎንደር ባረፋችሁበት ሆቴል በዋዜማው ማታ ጠይቃችሁ አራት ሰው እንኳ ብታገኙ ትልቅ ልዩነት አለው።

ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው በኋላ ነው፤ ሳይነጋገሩ የተሳፈሩበት ጉዳይ ስላለ። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት አራት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ፦ ዋጋው ደርሶ መልስ መሆኑን፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ የሚወረድባቸውን ቦታዎች በስማቸው፣ በየቦታው ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነጂው ግማሽ ሰዓት አስቦ እናንተ ሁለት ሰዓት ከቆያችሁ ተጨማሪ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጡ፣ ቀሪውን ስትመለሱ ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ፤ ከሌለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትሳፈሩ።

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ይሻላል»

ከሁሉም ስህተት አደገኛው ይህ ነው። ጣና ማለዳ ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ፀሐይ በዙሪያው ያለውን መሬት ከውኃው አስቀድማ ስለምታሞቀው ነፋስ ይፈጠራል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይኑረው እንጂ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ላይ ነፋስ አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ያስነሣል፤ ይህም ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ያንገላታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም ውኃ ላይ ሁኑ፣ በ6 ሰዓት መሬት ርገጡ። ለዚህ ደግሞ ከጎንደር በ12 ሰዓት መነሣት፣ ወይም ጎርጎራ አድሮ መነሣት ያስፈልጋል።

ደቅ ደሴትን በዚሁ ጠዋት ለመጨመር የሚያስቡ አሉ። ከጎርጎራ ደቅ በውኃ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 60 ይሆናል፣ መመለሻው ደግሞ ነፋሱ ላይ ይወድቃል። ነዳጁም የኮንትራቱን ዋጋ ያንረዋል። ለግማሽ ቀን ጉዞ አይሆንም።

ወቅቱም ቢሆን ይመረጣል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ አስቸግሯል፤ የሚበረታውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ይግላል፣ ነጂው አጥፍቶ በእጁ ማላቀቅ ይኖርበታል። አረሙ ነፋስ ወደነፈሰበት ስለሚሄድ፣ ትናንት ክፍት የነበረው መተላለፊያ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። በደረቁ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ጉዞው ይቀላል፤ መረሬ የሚባለው የደምቢያ ጥቁር አፈርም በእነዚህ ወራት እግር አይዝም።

«ቤተ ክርስቲያኑ መቼም ቢሄዱ ክፍት ነው»

የጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ያለችው እዚያው ዳርቻው ላይ ስለሆነ ጀልባ አያስፈልጋትም። ገንዘቡ ላጠረው ይህችው ብቻዋን ለአንድ ቀን ጉዞ በቂ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአፄ ፋሲል እህት መላኮታዊት እንዳሠራቻት ይነገራል። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ስለሆነ በውጭ በኩል ዞሮ መመለስ ምንም አያሳይም፤ በሩን የሚከፍት አገልጋይ መገኘት አለበት። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚሆን ጠዋት ግቡ። እሑድ ግን ጠዋት ይቀደሳል፤ ያን ቀን ጀልባውን አስቀድሙ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከ4 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ የካሜራ ፍላሽ አታብሩ፤ ብርሃን ቀለሙን ይጎዳዋል።

የጣና ገዳማት ሁሉ ሴቶችን ያስገባሉ ማለትም ስህተት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ከጎርጎራ ቅርብ ወደሆነው ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ለመሄድ ያሰበ ቡድንም ሴቶች ካሉበት ጀልባውን ከመያዙ በፊት ይጠይቅ፤ ደጃፍ ደርሶ ግማሹ ጀልባ ላይ የሚቀርበት ጉዞ ለማንም አይበጅም።

«የጎንደርን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው፣ ጎርጎራም ያንኑ ያሳያል»

ለዚህ ስሙ የሚነሣው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ ነበር፤ የሞተውም በ1622 እ.ኤ.አ. ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢየሱሳውያኑን ያባረሩትም እሳቸው ናቸው። በጎርጎራ አካባቢ የሚታየው ፍርስራሽ፣ ሕዝቡ ማርያም ግንብ የሚለው፣ ከዚያ የቀደመው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። የሚገኘውም ከተማው ውስጥ ሳይሆን በስተምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በእግር ደርሶ መመለስ ቀኑን ይወስዳልና በጀልባው ውል ውስጥ ማስገባቱ ይሻላል።

«ዳር ዳሩን እግር መንከር ምን ይጎዳል?»

ቢልሃርዚያ የሚይዘው እዚያው ዳሩ ላይ፣ ቀንድ አውጣ በሚበዛበት ሣራማ ውኃ ውስጥ ነው። ተሕዋሲው በቆዳ ይገባል፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም። ስለዚህ እግራችሁን ሳትነክሩ ከመውረጃው ድንጋይ ላይ ተሳፈሩ። ለሚያድር ሰው አጎበር ግድ ነው፤ ደምቢያ ወባ አለ።

«መመለሻ መኪና አይጠፋም»

ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተሳፋሪው ይሳሳል። ጎርጎራ እንደወረዳችሁ፣ ገና ወደ ጀልባው ሳትሄዱ፣ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ያመጣችሁን ሾፌር ጠይቁ። ቀጥታ ወደ ጎንደር ከሌለ እስከ ቆላድባ ሄዶ መቀየር ይቻላል። ለጀልባ፣ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያና ለመኪና የሚሆን ዝርዝር ብር ከጎንደር ይዛችሁ ውረዱ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ቴሌብር አይሠራም።