የበጎ ፈቃድ ወጥ ቤት

ለተቸገሩ ሰዎች ትኩስ ምግብ አብስለው በነፃ የሚያቀርቡ ወጥ ቤቶች በብዙ አገሮች አሉ። አንዳንዶቹ በእምነት ተቋማት ሥር ናቸው። ሌሎቹ የተመዘገቡ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፤ በሰፈር ሰው ትብብር ብቻ የሚንቀሳቀሱም አሉ። ጉልበቱ ግን በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች «ላንገር» የሚሉት የጋራ ማዕድ 500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በሕንድ አምሪትሳር በሚገኘው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ዛሬም በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመገባል፤ ሀብታሙም ድሃውም መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ። አይርላንድን ረሃብ በመታበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1847፣ አሌክሲ ሷዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሼፍ ደብሊን ላይ ትልቅ የሾርባ ወጥ ቤት ከፍቶ ነበር። ደወል ሲደወል 100 ሰው ይገባል፣ በልቶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይተካል። ማንኪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ በሰንሰለት ታስረው ነበር። ብዙ ሕይወት ያቆየ ሥራ ነው፤ እኔን ግን ያቺ ሰንሰለት ሁሌ ትከነክነኛለች፤ የተመጋቢውን ክብር ትነካለች። ዛሬ ብዙ ቦታ ተመጋቢው እንደ እንግዳ እንዲስተናገድ የሚለፋው ለዚህ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሥራው ማብሰል ይመስላል። ማብሰሉ ግን ትንሹ ነው። የዕለቱን ምግብ እንኳ የሚወስነው ሼፉ ሳይሆን የተለገሰው ነው። ጠዋት የመጣው ካሮት ብቻ ከሆነ፣ በቃ፣ ካሮት ነው። አዲስ ገቢ ደግሞ ድስት አይነካም፤ ይልጣል፣ ይከትፋል፣ ዕቃ ያጥባል።

ዋናው ስጋት ምግብ መመረዝ ነው። ከሚመገቡት መካከል አረጋውያን፣ ሕፃናትና ሕመምተኞች ስላሉ ቀልድ የለም። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ትኩሱ ከ60 በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች ይቀመጣል። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም። ለነገ የሚተርፈውን በትልቁ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተት የተለመደ ስሕተት ነው። ላዩ ይቀዘቅዛል፤ መሀሉ ግን ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥልቀት በሌላቸው ትሪዎች ላይ በስሱ ማፍሰስ፣ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ቀኑን መጻፍ። ለውዝ፣ ወተት ወይም እንቁላል ካለበትም ጎኑ ላይ ይጻፋል፤ አለርጂ ያለበት ሰው አይቶ ይለየዋል።

አስተባባሪዎችን የሚያስጨንቀው ሌላው ነገር ሰው ነው። በበዓል ሰሞን ወጥ ቤቱ መተላለፊያ እስኪታጣ ይሞላል፤ አንዳንዱ መጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ተራ ማክሰኞ ሲመጣ ግን ሽንኩርት የሚልጥ ይጠፋል። በወር ሁለቴም ቢሆን ባለው ቀን ከች የሚለው ሰው ተፈላጊ ነው፤ የፈረቃው ሰሌዳ የሚሞላው በእሱ ዓይነቱ ነው።