«የፈረንጁን ስጠኝ»፦ ከድሬዳዋ መድኃኒት ቤት የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቅ መድኃኒት ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ባዮቴክኖሎጂ፣ ማለትም ሕያዋን ሴሎችን እያሠሩ መድኃኒትና ክትባት የማምረት ሥራ፣ እንደ ህንድና ኩባ ባሉ አገሮች እንዴት እንዳደገ እንዳስብ ያስገደዱኝ ደንበኞቼ ናቸው። ከሚደጋገሙት አባባሎች ጥቂቶቹን እነሆ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢንሱሊን ከአሳማ ነው የሚሠራው»

አንድ አዛውንት ኢንሱሊናቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ከአሳማ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። መርፌውን ከተዉት ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። በከተማችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ ስለማይበላ ጭንቀታቸው ገባኝ፤ ያስደነገጠኝ ሦስቱ ቀን ነው። ስኳራቸውን ለክቼ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው።

ወሬው ከመሬት አልተነሣም። ኢንሱሊን በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ለ60 ዓመት ያህል የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። በ1978 ግን አሜሪካ ውስጥ ሳይንቲስቶች የሰውን የኢንሱሊን ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ኢንሱሊን አሠሯት፤ መድኃኒቱም በ1982 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ «የሰው ኢንሱሊን» የሚባለው የባክቴሪያ ወይም የእርሾ ሥራ ነው። አዛውንቱ ሲመለሱ በእርሾው በኩል አስረዳኋቸው፦ «ሊጥ ከሚያቦካው ጋር የሚዛመድ ረቂቅ ፍጥረት ነው፣ አባቴ፤ የሚሠራው ነገር ብቻ ተቀይሮለታል።» ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

እርሾን እንዲህ ካሠሩት አንዱ የህንዱ ባዮኮን ነው። ኪራን ማዙምዳር ሻው በ1978 ባንጋሎር ውስጥ በአንድ የኪራይ ቤት ጋራዥ ሥራ ስትጀምር ታመርት የነበረው ከፓፓያ የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ኩባንያዋ ኢንሱሊን ለገበያ ያቀረበው በ2004 ነው። በመካከሉ ያለው ሩብ ምዕተ ዓመት ደቂቅ ፍጥረታትን በጋን ማሳደግን የመማሪያ ዘመን ነበር።

«የህንድ ከሆነ ደካማ ነው፤ የፈረንጁን ስጠኝ»

ይህን በሰማሁ ቁጥር ይከፋኛል። የፑኔው ሲረም ኢንስቲትዩት በ1966 ፈረስ ከሚያረባ ቤተሰብ ወጥቶ ዛሬ በዶዝ ብዛት ከዓለም ክትባት አምራቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። እኛን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ሲያስጨንቅ የኖረውን የማጅራት ገትር በሽታ ለመከላከል የተሠራውን ሜንአፍሪቫክን ያመረተው ይኸው ድርጅት ነው። አፍሪካውያን «ከ50 ሳንቲም ዶላር በላይ አንችልም» አሉ፤ ክትባቱ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2010 ቡርኪና ፋሶ ላይ ዘመቻው ተጀመረ። ኢትዮጵያም በዘመቻ ከሰጡት አገሮች አንዷ ናት።

የህንድ ምርት ሁሉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በ1993 ሃይደራባድ የተቋቋመው ሻንታ ባዮቴክኒክስ በ1997 የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ርካሽ አድርጎ ስሙ ገነነ፤ በ2010 ግን አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባቱ ዝቃጭ ስለታየበት የዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫውን ነጠቀው። ችግሩን አስተካክሎ ማረጋገጫውን ያስመለሰው በ2014 ነው። ተቆጣጣሪው የሚመረምረው ፋብሪካውን ነው፤ ባንዲራውን አይደለም።

«አልሠራልኝም» ለሚሉ ደንበኞቼም አንድ ነገር እጨምራለሁ። በኮንትሮባንድ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ በእኛ ቆላ ሙቀት ቀናት የቆየ ኢንሱሊን ከየትም ይምጣ ኃይሉ ይደክማል። ፍሪጅ የሌላቸው ደንበኞች እርጥብ አሸዋ ባለው የሸክላ ማሰሮ ሲያስቀምጡት ሳይ ግን አመሰግናቸዋለሁ፤ ጥሩ ዘዴ ነው።

«ለዚህ መጀመሪያ ሀብታም መሆን ያስፈልጋል»

የ1977–78ቱን ጦርነት የሚያስታውሱ የድሬዳዋና የሐረር ሽማግሌዎች ኩባን የሚያውቋት በወታደሮቿ ነው። እኔ የምነግራቸው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስለሆነው ነው። በ1981 ጥቂት የኩባ ተመራማሪዎች ኢንተርፌሮን የተባለውን መድኃኒት ማውጣት ለመማር ወደ ሄልሲንኪ ተላኩ። በዚያው ዓመት የደንጊ ትኩሳት ደሴቲቱን መታ፤ ከ340 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ 158 ሞተ። ተመራማሪዎቹ አገራቸው ውስጥ ያወጡት ኢንተርፌሮን ለሕሙማን ተሰጠ። በ1986 ትልቁ የጄኔቲክ ምሕንድስናና የባዮቴክኖሎጂ ማዕከል ተከፈተ፤ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻም የቢ ዓይነት ማጅራት ገትርን የሚከላከል ክትባት ማንም ሳይቀድማት አወጣች።

የሶቪየት ድጋፍ እንደነበራት አልክድም። ድጋፉ ተቋርጦ በ1990ዎቹ ሕዝቡ ሲራብም ግን ላቦራቶሪዎቹን አልዘጋችም። በ2013 ደንጊ ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ ኩባ ትዝ ያለችኝ ለዚህ ነው።

«እኛ ክትባት ሠርተን አናውቅም»

ሠርተናል። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የተመሠረተው በ1964 ነው፤ ክትባቱን ወደ ውጭም ይልካል። የአፍሪካን የእንስሳት ክትባቶች ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን ረሃብ ያመጣው፣ ከብቱን የጨረሰው የደስታ በሽታ በ2011 ከዓለም እንደጠፋ ታውጇል፤ ያጠፋውም ክትባት ነው። ለሰውም ቢሆን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር። ያረጀና የጎንዮሽ ጉዳት ያለበት ዘዴ ቢሆንም የሠሩት እጆች የእኛ ናቸው።

«ፋብሪካው ከተተከለ ሌላው ይከተላል»

የደቡብ አፍሪካው አስፐን የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን የኮቪድ ክትባት በራሱ ስም ለአፍሪካ እንዲሸጥ ፈቃድ አገኘ። ፋብሪካው ዝግጁ፣ ባለሙያው ዝግጁ። በ2022 አንድም ትእዛዝ አልመጣለትም። የአፍሪካ ኅብረት በ2040 ከምንጠቀመው ክትባት 60 በመቶው እዚሁ እንዲመረት አቅዷል፤ በ2024 ደግሞ ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ ለአፍሪካ አምራቾች ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚመድብ ዕቅድ ጀመረ። የቢሾፍቱው ተቋም በእግሩ የቆመው መንግሥት ክትባቱን ስለሚገዛው ነው፤ ሜንአፍሪቫክም ገዢውና ዋጋው አስቀድመው ይታወቁ ነበር።

ባቡሩ ጅቡቲ ስለሚያደርስና ነፃ የንግድ ቀጣናውም ስለተከፈተ፣ «እዚህ ድሬዳዋ የክትባት ፋብሪካ ቢተከልስ?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እኔም ከልቤ እመኘዋለሁ። የምጠይቃቸው ግን ስለ ሕንፃው አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ምርት እገዛለሁ ብሎ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ነው።