ቲምፑ፦ ጸሎትና መንግሥት በአንድ ግቢ

የቡታን ዋና ከተማ ቲምፑ በሂማሊያ ተራሮች መካከል፣ ከዋንግ ቹ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዋና ከተማነቱን ከፑናካ የተረከበችው በ1961 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2017ቱ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 115 ሺህ አይሞሉም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት እንግዳ ፓሮ ላይ ያርፍና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሸለቆ ለሸለቆ በመኪና ይመጣል።

ጉብኝቱን በማለዳ ከብሔራዊው መታሰቢያ ቾርተን መጀመር ይሻላል። ይህ ጫፉ በወርቅ ቀለም የሚያበራ ነጭ የቡዲስት ሐውልት በ1972 ላረፉት ለሦስተኛው ንጉሥ ጂግሜ ዶርጂ ዋንግቹክ መታሰቢያ በእናታቸው አሠሪነት በ1974 ታነጸ። አስከሬናቸው እዚህ የለም፤ ያለው ፎቶግራፋቸው ነው። ገና ጎህ ሲቀድ አረጋውያን በአንድ እጃቸው መቁጠሪያ፣ በሌላው ትንሽ የጸሎት መንኮራኩር ይዘው ሐውልቱን በቀኛቸው እያደረጉ ይዞሩታል። መንኮራኩሯ ውስጥ የተጠቀለለ የጸሎት ጽሑፍ አለ፤ አንድ ዙር በዞረች ቁጥር ጸሎቱ እንደተደገመ ይቆጠራል። እግራቸው የደከመ ደግሞ ከትልልቆቹ ቀያይ መንኮራኩሮች አጠገብ ተቀምጠው ገመድ እየሳቡ ያዞራሉ። ጎብኚም በዚያው በቀኝ አዙሪት መሄድ ይገባዋል።

የከተማዋን ጠባይ የሚገልጠው ግን ታሺቾ ዞንግ ነው። ዞንግ ምሽግም ገዳምም የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ነው። በዚህ ግቢ የንጉሡ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የአገሪቱ መነኮሳት ጉባኤም ከነአለቃው ከጄ ኬንፖ ጋር ሞቃቱን ወራት እዚሁ አሳልፎ ለብርዱ ወራት ወደ ሞቃታማዋ ፑናካ ይወርዳል። ሕንፃው በ1960ዎቹ እንደገና ሲሠራ አናጢዎቹ በጥንቱ ወግ፣ ያለ ንድፍ ወረቀትና ያለ ብረት ምስማር እንደሠሩት ይነገራል። በሥራ ቀን ለእንግዳ የሚከፈተው ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ነው። ወንዶቹ ጎ የሚባለውን እስከ ጉልበት የሚደርስ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ የመሰለ ሻርፕ በትከሻቸው ጣል አድርገው ሲወጡ ማየቱ ራሱ አንድ ጉብኝት ነው።

ከደቡብ ተራራ ላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው የቡድሃ ሐውልት ከ50 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በውስጡም 125 ሺህ ትናንሽ የቡድሃ ምስሎች ተቀምጠዋል። ግዝፈቱ ያስደንቃል። ለእኔ ግን ልብ የሚነካው ትንሹ የቻንጋንግካ ቤተ መቅደስ ነው። ወላጆች አራስ ልጃቸውን አቅፈው ወደዚህ የሚመጡት ለማስባረክና ስም ለማሰጠት ነው። ቡታናውያን በአብዛኛው የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው ከቤተ መቅደስ የተገኘው ስም ዕድሜ ልክ የራስ ሆኖ ይኖራል።

የዞሪግ ቹሱም ተቋም 13ቱን ባህላዊ ጥበቦች፣ ሥዕልን፣ የእንጨት ቅርጽን፣ ጥልፍን ያስተምራል። የሥዕል ተማሪ የቡድሃን ፊት ከመሣሉ በፊት በእርሳስ መስመር አስምሮ የዓይኑን፣ የአፍንጫውን፣ የጆሮውን ልክ ያወጣል፤ ልኩ ከቀድሞ መምህራን የወረደ ስለሆነ እንዳሻው አይለውጠውም።

ከዚህ ሌላ በሞቲታንግ ሰፈር ታኪን የተባለው ብሔራዊ እንስሳ አለ፤ ራሱ የፍየል፣ አካሉ የላም ይመስላል። ከከተማው በስተደቡብ ደግሞ በ1629 የተሠራው ሲምቶካ ዞንግ ይገኛል። በወንዙ ዳር ባለው ገበያ ቀይ ደረቅ ቃሪያ ተከምሮ ይሸጣል። ቡታናውያን ቃሪያን እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ አትክልት ነው የሚበሉት፤ ኤማ ዳትሺ የሚባለው ዋና ምግባቸው ቃሪያ በአይብ ነው።

የውጭ ጎብኚ ከ2023 ሴፕቴምበር ወዲህ ለአንድ ሌሊት 100 ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል፤ ለሕንዳውያን ክፍያው ያነሰ ነው። ወጪው ከባድ ስለሆነ ጊዜን መምረጥ ያዋጣል። ምርጡ ወቅት መጸው፣ የቲምፑ ጼቹ በዓል የሚከበርበት ነው። መነኮሳት ጭምብል አጥልቀው ለቀናት ይጨፍራሉ፤ ቤተሰብ ሁሉ ያለውን ምርጥ ልብስ ለብሶ፣ ምሳውን በቀርከሃ ሞሰብ ቋጥሮ ይመጣና እስኪመሽ አይነሳም።