አምቢየንት ሙዚቃና የፋብሪካ አዳራሽ፦ ከድሬዳዋ ወርክሾፕ አንጻር

አምቢየንት አጨብጭበው የሚቀበሉት ዘፈን አይደለም። ምቱ የለም ወይም ተደብቋል፤ አንድ ድምፅ ለደቂቃዎች ተዘርግቶ ቀስ እያለ መልኩን ይለውጣል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ነው፤ የሙከራው ሥር ግን ከዚያ ይቀድማል፣ ለእኛም ቅርብ ነው። ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ በ1944 ካይሮ ላይ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ እያስተጋባ ሌላ ሥራ አደረገው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ያስተማረውና ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው ይኸው ሰው ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ደግሞ በ1948 ፓሪስ ውስጥ የባቡር ድምፅ ቀድቶ፣ ቆርጦና ደጋግሞ ለሬዲዮ አቀረበ። የባቡር ከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሙዚቃው ሥራ ያቆሙ የኢንዱስትሪ ሕንፃዎችን የሚወድበት ምክንያት አለው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ለባቡር ድርጅት የተሠራ የብረት የውኃ ታንከር ዛሬ የድምፅ መቅረጫና የኮንሰርት ቦታ ነው። በርሊን ውስጥ አንድ የቀድሞ የኃይል ማመንጫ የሙከራ ሙዚቃ ፌስቲቫል ያስተናግዳል።

ድሬዳዋ ሲመጣ ዓይን የሚያርፈው ምድር ባቡር ላይ ነው። ሐዲዱን የሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ከባድ ስለነበር መስመሩ በ1902 ከተራራው ሥር ደረሰ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2016 ከከተማ ውጭ ባለ ጣቢያ ሲመረቅ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው አሮጌ ጣቢያና ወርክሾፑ ከነፈረንሳይ ማሽኖቻቸው ቀሩ። ወርክሾፑ የተሠራው ለጥገና እንጂ ለሙዚቃ አይደለም። ሆኖም የእንዲህ ዓይነት አዳራሽ ጠባይ በቀላል ስሌት ይገመታል።

60 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ከፍታ ያለው ባዶ አዳራሽ እንበል። ይዘቱ 12,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ድምፅ ስለማይውጡ አንድ ጭብጨባ ጨርሶ እስኪጠፋ ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ንግግር በደንብ እንዲሰማ የሚፈለገው አንድ ሰከንድ አካባቢ ነው። 200 ሰው ሲገባ ገላና ልብስ ድምፁን ስለሚውጡ ወደ ስድስት ሰከንድ ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ከሰዓት በባዶ አዳራሽ የተለማመደ ተጫዋች ማታ ሌላ አዳራሽ ይገጥመዋል። ክራር በፍጥነት ቢመታበት ኖታዎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። በገና ግን፣ በእኔ ግምት፣ እንዲህ ላለ ቤት የተፈጠረ ይመስላል፤ በአሥሩ አውታሮች ሥር የሚገቡት የቆዳ እንዚራዎች የሚያወጡት እዝታ ዝግ ያለና ቦታ የሚሞላ ነው።

ሙቀቱም ራሱን የቻለ ተጫዋች ነው። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ድምፅ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይፈጥናል። በ20 ዲግሪና በ35 ዲግሪ መካከል አዳራሹ የሚወዳቸው ድምፆች ወደ ሩብ ቶን (የሁለት አጎራባች ኖታዎች ርቀት ግማሽ) በሚጠጋ ልዩነት ከፍ ይላሉ። ቀን ላይ ከክፍሉ ጋር የተስማማ ድሮን (ሳይቋረጥ የሚዘረጋ ድምፅ) ማታ ሲቀዘቅዝ ይስታል። የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ እየተኮማተረ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ተጫዋቹ ይህን ማፈን አይችልም፣ አስገብቶ መጫወት ግን ይችላል።

በቀጥታ ሲቀርብ መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ ላፕቶፕ፣ ሚክሰር፣ በማዕዘን የተበተኑ ስፒከሮች፣ ብረት ላይ የሚለጠፍ ኮንታክት ማይክ። ይህ ማይክ የአየሩን ሳይሆን የብረቱን ንዝረት ይወስዳል፤ የቶርኖ ማሽን ገላ ላይ ተለጥፎ በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲነካ፣ ጆሮ ብቻውን የማያገኘው ወፍራም ጉምጉምታ ይወጣል።

አድማጩም መድረክ አይጠብቅም፤ ይቀመጣል፣ ጋደም ይላል፣ ይነሳና ይዞራል። ከሰዓቱን ምንጣፍ ላይ በበርጫ ማሳለፍ ለለመደ ድሬ ይህ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንም። ረጅም ሰዓት ተደጋግሞ በሚሄድ ዝማሬ ውስጥ መቆየትም ሐረር በዚክሪዋ ከጥንት ታውቀዋለች።

ችግሩ የሚመጣው እድሳት ላይ ነው። ሙቀት ለመከላከል ኮርኒስ ሲመታ፣ ወለሉ ምንጣፍ ሲለብስ፣ ግድግዳው በስፖንጅ ሲሸፈን ማስተጋባቱ ይሞታል፤ የሚቀረው ተራ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ለዚህ ሙዚቃ ጣሪያው እንዳያፈስ ከመጠገን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከማደስና መውጫ በሮችን ከማብዛት ያለፈ ነገር ባይነካ ይሻላል። የትራንስፎርመሩ እዝታ እንኳ ጥቅም አለው፦ አገራችን ውስጥ መብራቱ በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሚመጣና ብረቱ በየዙሩ ሁለቴ ስለሚንቀጠቀጥ እዝታው 100 ኸርዝ ላይ ይቆማል፤ ብልህ ተጫዋች ዝቅተኛውን ድምፁን ከእሱ ጋር ይቃኛል።