ካሮሴሪያ ምንድን ነው? የአንዲት «የራስ ኃይሉ መኪና» የዘር ሐረግ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ጋራዥ ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና አለች። ሁለት ሰው ብቻ ታስቀምጣለች። ጣሪያ የላትም፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ኋላዋ ድብልብል ነው። ከፊትም ከኋላም የፋብሪካ ስም አይታይባትም። ሸራው ገና ሲነሣ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ ብቅ ብለው «የራስ ኃይሉ ናት» አሉኝ።

ጎጃም ውስጥ ባለቤቱ የጠፋ አሮጌ ዕቃ ሁሉ የራስ ኃይሉ ነው፤ ጠመንጃውም፣ የበቅሎ ኮርቻውም። በዚህችኛዋ ግን እማማን ቶሎ ለመሞገት አልደፈርኩም። የጎጃም ገዢ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ከዞሩት መኳንንት አንዱ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የዘመኑን ምርጥ መኪና በዓይናቸው ያዩ ሰው አንዷን ቢያስመጡ ምን ይደንቃል?

የጋራዡ ባለቤት ሳቅ አሉ። «ልብሷን አይተህ አትፍረድ። መጀመሪያ አጥንቷን እንይ።»

ጋሼ ልብስና አጥንት ያሉት ነገር በሙያው ቋንቋ ካሮሴሪያና ሻንሲ ይባላል። ካሮሴሪያ ጣሊያንኛ ነው፤ ሥሩ ሠረገላ ከሚለው ቃል ይመዘዛል። የመኪናን አካልም፣ አካሉን የሚሠራውን ቤትም ይጠሩበታል። በመኪና የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ብዙ ፋብሪካዎች፣ በተለይ ውድ መኪና የሚሠሩት፣ ሻንሲውን ከነሞተሩና ከነጎማው ብቻ ይሸጡ ነበር። ገዢው ያን አጥንት ይዞ ወደ አካል ሠሪ ይሄዳል፤ በሩ እንዲህ ይሁን፣ ፓራፋንጎው እንዲህ ይጠማዘዝ እያለ እንደ ልብስ ሰፊ ያስለካል። ሚላኖ ውስጥ ዛጋቶ (1919) እና ቱሪንግ (1926)፣ ቶሪኖ ውስጥ ቤርቶኔ (1912) እና ፒኒን ፋሪና (1930) ስማቸው የገነነው በዚህ ሥራ ነው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሻንሲዎች አንዱ እንደ ጀልባ፣ ሌላው እንደ ሣጥን ለብሰው መንገድ ላይ ቢገናኙ አይተዋወቁም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊመስለን አይገባም። ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም በቅጥቅጥ የሄደ ሰው ካሮሴሪያ ውስጥ ተቀምጦ ሄዷል። ፋብሪካው ለጭነት ያዘጋጀውን አይሱዙ እዚህ አገር ባትላሜራዎች ላሜራ ቀጥቅጠው፣ መስኮት አውጥተው፣ ወንበር ደርድረው አውቶቡስ አድርገውታል። ስሙ ራሱ የአሠራሩ ታሪክ ነው። እንዲያውም ካሮሴሪያን በአማርኛ ለመተርጎም ብጠየቅ «ቅጥቅጥ» ከማለት የተሻለ ቃል አላገኝም፤ የሚላኖ ሰዎች ይቀየሙኝ እንደሆነ እንጃ።

እንዲህ ያለ መኪና ታዲያ ሁለት ልደት አለው። ማን ወለደው? ማን አለበሰው? ሊብሬ ላይ የሰፈረው የሻንሲ ቁጥር የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ግራ መጋባቱ ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን ጥያቄ እንደ አንድ ከመጠየቅ ነው።

ወደ ጓሮው እንመለስ። ጋሼ ያን ረጅም ኮፈን ሲከፍቱት ሞተር የለም። የቤንዚን ታንከርና አንድ የተኛ ጎማ ብቻ።

«ሞተሯንስ ሰርቀዋታል!» አሉ እማማ።

ሞተሩ ከኋላ ነበር፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ። ባሌስትራ የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከመው በቱቦ ውስጥ ያለ የሚጠመዘዝ ብረት ነው። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በሜትር ለካን፤ 2.40 ሜትር። ይኼኔ ጋሼ ምንም ሳይሉ ወደ እኔ ዞሩ። ቮልስ ናት! ያውም ወለሏ ያልተቆረጠ ቮልስ።

ልብስ ቀያሪ ቮልስን ለምን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። በ1922 የቀረበችው ላንቻ ላምዳ አካልና ሻንሲን አንድ ወጥ አድርጋ ነበር፤ ፊያትም በ1950 ባወጣት 1400 ይህንኑ መንገድ ያዘ። አካሉ ራሱ ተሸካሚ ከሆነ ገፍፎ ሌላ ማልበስ ከባድ ነውና የአካል ሠሪዎቹ ገበያ እየጠበበ ሄደ። የቮልስ አካል ግን ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው፤ ብሎኑ ሲፈታ አካሉ ይነሣል። ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ካርማን ጊያም፣ ብሩስ ሜየርስ በ1964 የጀመራት የአሸዋ ላይ መኪናም የቮልስ አጥንት ላይ የተሰፉ ልብሶች ናቸው።

ቮልስ መሆኗ ታወቀ፤ የመቼ ናት? ጋሼ ከወንበሩ ኋላ ያለውን ጣውላ አነሡ። በወለሉ መሐል እንደ አከርካሪ የሚሄድ፣ የማርሹ ዘንግና የፍሪሲዮኑ ገመድ የሚያልፉበት ጉብታ አለ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የሚመታው እሱ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ደጋግመው ሲያሹበት ዝገቱ ለቀቀና 116 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ብቅ አለ። ፋብሪካው ከነሐሴ 1964 ጀምሮ በተጠቀመበት አጻጻፍ 11 ተራዋን ቮልስ፣ ቀጥሎ ያለው 6 ደግሞ የ1966 ሞዴልን ያመለክታል፤ ማለትም ከነሐሴ 1965 እስከ ሐምሌ 1966 የተሠራች። ራስ ኃይሉ ያረፉት በ1950 ነው።

የሞተሩ ቁጥር ሌላ ወሬ ያወራል። የሚጀምረው «ኤች» በሚለው የላቲን ፊደል ነው፤ ይህ በነሐሴ 1966 የመጣው የ1500 ሞተር ምልክት ነው። ሻንሲዋ ከሞተሯ ትቀድማለች፤ ሞተሩ ኋላ የገባ ነው ማለት ነው። ሞተር ይለወጣልና በሞተር ቁጥር ብቻ የመኪናን ዕድሜ የሚናገር ሰው አትመኑ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፤ ማን አለበሳት? የፊት መብራቷ መስታወት ላይ «ካሬሎ» የሚል ጽሑፍ አለ። ካሬሎ የጣሊያን መብራት ነው። ከዚህ በፊት ያዩዋት ሰዎች ይህን አይተው «ጣሊያን የሠራት ናት» ብለው ሄደዋል አሉ። መብራት ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ ከወደቀ ፊያት ተፈትቶ በጀርመን ወለል ላይ ሊገጠም ይችላል። አርማም ያው ነው፤ ታዋቂዎቹ ቤቶች ትንሽ አርማቸውን ከፓራፋንጎው ታች ጎን ይለጥፉ ነበር፤ በሁለት ብሎን የተያዘ ነገር ግን በሁለት ብሎን ይመጣል። እኔ የማምነው ገዢ እንዲያየው ያልተሠራውን ገጽ ነው። የጥንቶቹ አካል ሠሪዎች በሩን ከበር፣ ኮፈኑን ከኮፈን እንዳያምታቱ በውስጥ በኩል፣ በእንጨቱና በማጠፊያው ላይ ቁጥር ይመቱ ነበር። መርማሪ የሚተኛው መሬት ላይ ነው።

ተኛሁ። ማግኔት ስናስጠጋ አንዳንድ ቦታ ይይዛል፣ አንዳንድ ቦታ ይወድቃል፤ የሚወድቅበት ወፍራም ስቱኮ ነው። በግራ ፓራፋንጎ ውስጥ የመዶሻው ጠባሳ እንደ ፈንጣጣ ተበትኗል፤ ስፌቱ በኦክስጅን ብየዳ ነው። ጭቃውን ስፍቅ ሰማያዊ ቀለም ታየ፣ ከሥሩም ተገልብጠው የቆሙ የላቲን ፊደላት። የዘይት በርሜል ነው። በርሜሉን ሰንጥቀው፣ ዘርግተው፣ እንደገና ቀጥቅጠው አፍንጫ አውጥተውለታል። ከፊደላቱ ዝቅ ብሎ በምስማር የተጫረ አንድ ቃል አገኘሁ፤ «ግራ» ይላል። ወደ ማዶ ተሻግሬ ስፈልግ «ቀኝ» የሚል ነበረ፤ የ«ቀ» ጭንቅላቷ በመዶሻ ተደፍጥጧል።

ጋሼ ባትሪውን አጥፍተው «ይኸው ቤርቶኔ!» አሉ።

ለእማማ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ወለሏ ከጀርመን፣ ልብሷ በአማርኛ ከሚጽፍ ባትላሜራ እጅ፣ ዓመቷም ከራስ ኃይሉ ዕረፍት 15 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑን። ነጠላቸውን እያስተካከሉ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እና አንተ፣ ራስ ኃይሉ ቮልስ መግዛት ያቅታቸዋል ነው የምትለኝ?»