ልዩ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ድሬና ሐረር ላይ ላገር ቢራ በቤት መጥመቅ

ላገር የሚለው ቃል ከጀርመንኛ የመጣ ነው። ማከማቸት ወይም ማስቀመጥ ማለት ነው። ስሙ አሠራሩን ይናገራል፤ ቢራው በቀዝቃዛ ቦታ ይብላላል፣ ከዚያም ለሳምንታት በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። አገራችን ውስጥ በጠርሙስም በድራፍትም የሚጠጣው ቢራ አብዛኛው የዚህ ዘር ነው። ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ ሲጠጡት የማይከብድ። ይህንን ቢራ በቤቱ፣ ያውም ድሬዳዋ ላይ መጥመቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቅዝቃዜውን ከየት ላምጣ?» ብሎ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ደርሶ ይተወዋል። መተው አልነበረበትም። ላገር ቅዝቃዜን አጥብቆ የሚፈልገው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። እነዚያን ሦስት ቀናት በእርጥብ ጆንያ፣ በረዶ በሆነ ሃይላንድና በትክክለኛ የእርሾ ምርጫ ማለፍ ይቻላል።

እርሾው ምን ይፈልጋል

የላገር እርሾ ዲቃላ ነው። አንዱ ወላጁ ዳቦ የምንጋግርበት ዓይነት የተለመደው እርሾ ነው። ሌላኛው ብርድ የሚችል የዱር እርሾ ሲሆን፣ በደቡብ አሜሪካ ፓታጎንያ ደኖች ውስጥ መገኘቱ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የላገር እርሾ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳይተኛ የሚሠራው ከዚህ ወላጁ በወረሰው ጠባይ ነው። ንጹሕ ዘሩን ለይቶ ማራባት የቻለው የዴንማርኩ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883፣ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ።

ሙቀት ሲጨምር እርሾው ይቸኩላል። ሲቸኩል ደግሞ ሽታ ያመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ነው። ይህ ኤስተር ከሚባሉት ውህዶች የሚመጣ ነው። ሙቀቱ ከባሰ ማስቲሽ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል ይጨመርበታል። እኔ የመጀመሪያዬን ጀሪካን በግንቦት ወር ድሬ ላይ ያለምንም መከላከያ አስቀምጬ ነበር። በአምስተኛው ቀን ስከፍተው ክፍሉን የሞላው ሽታ የበሰበሰ ሙዝና የጫማ ማስቲሽ ነበር። 20 ሊትር ሙሉ ተደፋ። በጣም አዘንኩ፤ ግን ሁሉንም ነገር የተማርኩት ከዚያ ጀሪካን ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሽታዎች በብዛት የሚወለዱት እርሾው በሚራባበት ጊዜ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ቢወጣ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። እንዲያውም መጨረሻው ላይ ሞቅ ማለቱ ይጠቅማል። ዳያሲቲል የሚባል፣ ቢራውን ቅቤ ቅቤ የሚያሰኝ ነገር አለ። እርሾው ራሱ መልሶ ይበላዋል፤ ቶሎ የሚበላው ግን ሲሞቀው ነው። ትልልቅ ጠማቂዎችም ለዚሁ ሲሉ ወደ መጨረሻው ሙቀቱን ከፍ ያደርጋሉ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር፣ እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን የጀሪካኑ ውስጥ 23 ወይም 24 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚለካው የክፍሉ አየር ሳይሆን የጀሪካኑ ሆድ ነው። ቴርሞሜትሩን ጀሪካኑ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ከላዩ በጨርቅ መሸፈን ይበቃል።

ሁለት ከተማ፣ ሁለት አየር

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ከድሬ መስኮት ከፍቶ የተነሳ ተሳፋሪ ሀረማያ ሲደርስ መስኮቱን ይዘጋል። ለጠማቂ ይህ 700 ሜትር ትልቅ ነገር ነው።

ማቀዝቀዣ ከመፈጠሩ በፊት ላገር የሚጠምቁ ሰዎች ወቅት ይጠብቁ ነበር። የባቫርያው መስፍን አልብረሽት 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1553 ባወጣው ትእዛዝ ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ቢራ መጥመቅ ከልክሎ ነበር። በሞቃቱ ወራት የተጠመቀ ቢራ ይበላሻል፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት ይጠመቅ፣ በዋሻና በጓዳ ይቀመጥ ነው ነገሩ። ይህ ልማድ ለሐረር በቀጥታ ይሠራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ደግሞ የሌሊቱን ብርድ እስከ ከሰዓት ይይዛል። በዚያ ወቅት ወለል ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ትንሽ ከታገዘ 16 እና 17 ዲግሪ ላይ ይቆያል።

ድሬ ግን ሌላ ናት። በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይለዝባል፤ ይህ ለጠማቂው ብቸኛው የእፎይታ ጊዜ ነው። ከዚራ ሠፈር ውስጥ በባቡር ዘመን የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ቤቶች ከቆርቆሮ ቤት በብዙ ይሻላሉ። መሬት ቆፍሮ መቅበር የሚያስቡም አሉ። አንድ ሁለት ሜትር ጠልቆ የሚገኝ አፈር ሙቀቱ ወደ ዓመቱ አማካይ ይጠጋል። ድሬ ላይ ይህ አማካይ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጉድጓዱ ሙቀቱን እንዳይዋዥቅ ያደርጋል እንጂ ላገር የሚሆን ብርድ አይሰጥም። ለድካሙ አይመጥንም ባይ ነኝ።

የሐረር ስም ከቢራ ጋር የተያያዘው ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን ከበደሌ ጋር ገዝቶታል። ፋብሪካ ግን ቅዝቃዜን በማሽን ያመርታል። የእኛ ጉዳይ እንዲህ ያለ ማሽን የሌለው ቤት ነው።

አንገቱ የተሰበረ ጋን

ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ስለ ቅዝቃዜ ብዙ ያውቃሉ። ጋኑን ጥላ ውስጥ ያኖሩታል፣ ከግድግዳ ያስጠጉታል፣ ቆላ ላይ ጠላ ቶሎ ስለሚደርስና ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ቀኑን ያሳጥሩታል። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ሸክላው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የምንፈልገው ማሽን ይኸው ነው።

ቢራውን ራሱን ሸክላ ውስጥ መጨመር አልመክርም። የሸክላ ቀዳዳ ብዙ ዓይነት ተሐዋስያን ይይዛል፤ ለጠላ ጸጋ ነው፣ ለላገር ጠንቅ ነው። በወይራ ማጠንም እንደዚሁ። ጭሱ ጠላን ያሳምራል፤ ላገር ውስጥ ግን ከሌላው ጣዕም ሁሉ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ቢራው በንጹሕ የምግብ ጀሪካን ወይም ባልዲ ውስጥ ይሁን፣ ሸክላው ከውጭ ይልበስ።

እኔ የምጠቀመው አንገቱ ተሰብሮ ከጓሮ የተጣለ ትልቅ ጋን ነው። አንገቱ ስለሌለ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ይገባበታል። ዙሪያውን ባለው ክፍተት ጀሪካኑ ትከሻ ድረስ ውሃ ይሞላል። ጋኑ ከውጭ በእርጥብ የቃጫ ጆንያ ይጠቀለላል። የጆንያው ጫፍ ከሥር ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይገባል፤ እየመጠጠ ራሱን ያረጥባል። ከፊቱ ትንሽ ቬንትሌተር። መብራት ሲጠፋ ነፋስ ወደሚገባበት በር ዳር ይጎተታል። በእጅ ሲነኩት ጆንያው እንደ ጠዋት ሣር ይቀዘቅዛል። በደረቅ አየር ይህ ብቻውን ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ያወርዳል። ዝናብ ሲመጣና አየሩ ሲረጥብ ግን ኃይሉ ይቀንሳል።

ቀሪውን በረዶ ይጨርሰዋል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ተሞልቶ (ጫፉ ላይ ትንሽ ጎደል ብሎ) በሠፈር ፍሪጅ በረዶ ይደረጋል። 20 ሊትር ቢራና 20 ሊትር የዙሪያ ውሃ ቢኖር፣ አንዱ ሃይላንድ በስሌት 4 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚያ ላይ የድሬ አየር መልሶ የሚወስደው አለ። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፣ ማታ አንድ ለሦስት ቀን ከተቀያየረ በታኅሣሥ 16 ዲግሪ አካባቢ መያዝ ይቻላል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በረዶው ይቆማል፣ ጆንያው ብቻ ይቀጥላል። ከሰባተኛው በኋላ ጆንያውም ይነሳል።

የትኛው እርሾ

16 ዲግሪ የላገር መደበኛ ሙቀት አይደለም። ግን ይህን የሚችሉ የላገር እርሾዎች አሉ። ከጀርመኑ ቫይንስቴፋን የወጣው 34/70 የተባለው ዘር በደረቅ ፓኬት ይሸጣል፤ እስከ 18 ዲግሪ ድረስ በንጽሕና ይሠራል። ሳንፍራንሲስኮ ውስጥም በ19ኛው መቶ ዘመን በረዶ ያልነበራቸው ጠማቂዎች የላገር እርሾን በዚያች ከተማ አየር ያብላሉ ነበር፤ ስቲም ቢራ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ለ20 ሊትር አንድ ፓኬት አይበቃም፣ ሁለት ይሁን። የላገር እርሾ ከሌላው ቢራ እርሾ በእጥፍ ያህል ይፈለጋል። እርሾው ሲበዛ ለመራባት አይደክምም፣ ሽታውም ይቀንሳል።

ለመጋቢት፣ ለግንቦትና ለሰኔ ድሬ ግን ሌላ መንገድ አለ። በምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች ለትውልዶች ያቆዩት ክቫይክ የሚባል እርሾ አለ። በእንጨት ቀለበትና በጨርቅ ላይ እያደረቁ ለሚቀጥለው ጠመቃ ያስቀምጡት ነበር። ይህ እርሾ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ይወዳል፤ በሦስት አራት ቀን ሥራውን ይጨርሳል። አንዳንዱ ዘር ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ሉትራ የተባለው ግን በጣም ጥርት ያለ ነው። በሳይንሱ ላገር አይደለም። ቀዝቅዞ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ግን ለላገር በጣም የቀረበ ነው። ግንቦት ላይ ድሬ ሆኖ ከሙቀት ጋር ከመታገል ሙቀቱን የሚወድ እርሾ መምረጥ ይሻላል፤ እኔ ያለ ጥርጥር ይህን እመርጣለሁ። የዳቦ እርሾን ግን ይተዉት። በደንብ አይዘቅጥም፣ ጣዕሙም ቢራውን ዳቦ ዳቦ ያሰኛል።

ብቅል፣ ውሃና እሳት

ብቅል ችግር አይደለም። የአርሲና የባሌ ገብስ አለ፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ አለ፣ ገበያ ላይም በፀሐይ የደረቀ የጠላ ብቅል አለ። ለ20 ሊትር ከ4 እስከ 4.5 ኪሎ ይበቃል። ተፈጭቶ 65 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ለአንድ ሰዓት ይነከራል፤ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሙቀቱን ይይዛል። የሚቸግረው ሆፕ፣ ማለትም ቢራን የሚያመርረው አበባ ነው። ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ይገኛል፣ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ጌሾ ሊተካው አይችልም፤ ጌሾ የራሱ ክብር ያለው፣ ጠላን ጠላ የሚያደርግ ቅጠል ነው።

በማፍላቱ ላይ ከፍታው ጣልቃ ይገባል። ውሃ ድሬ ላይ 96፣ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ነጣ ያለ ብቅል፣ በተለይ በፀሐይ የደረቀው፣ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ውህድ ያወጣል፤ ይህን የሚያባርረው ክዳኑ ተከፍቶ በኃይል መፍላቱ ነው። ስለዚህ ሐረር ላይ 60 ሳይሆን 90 ደቂቃ ይፍላ። የሆፑም ምሬት በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መጠኑን ትንሽ መጨመር ነው።

የድሬ ውሃ ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ላገር ደግሞ ለስላሳ ውሃ ይወዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1842 የመጀመሪያው ፒልስነር የተጠመቀበት የፒልዘን ውሃ በለስላሳነቱ የታወቀ ነው። ውሃውን ማታ አፍልቶ ማሳደርና ጠዋት ከላይ ያለውን ብቻ መቅዳት ብዙውን ነጭ ነገር ከሥር ያስቀራል። ክሎሪኑም አብሮ ይሄዳል።

ጠርሙስ

ሙቀት ባለበት ከተማ ያልጨረሰ ቢራን ጠርሙስ ውስጥ መዝጋት አደጋ ነው። ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል። በቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚለካው ሃይድሮሜትር ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር ካላሳየ ቆርኪ አይገጠም። ከዚያ በሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር፣ ከዚህ አይለፍ።

ከመስታወት ጠርሙሶቹ ጋር አንዲት ትንሽ ሃይላንድም ሙሉ። በየቀኑ በጣት ይጫኗታል። መጀመሪያ ለስላሳ ናት፤ ድሬ ላይ በአምስት ስድስት ቀን፣ ሐረር ላይ በአሥር ቀን አካባቢ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። ያን ቀን ሁሉም ወደ ፍሪጅ ይገባል። የጠርሙስ ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስሙ የሚጠይቀው ማከማቸት እዚህ ይከናወናል። በሦስተኛው ሳምንት እርሾው ከሥር እንደ ጭቃ ይረጋል፣ ከላይ ያለው ይጠራል። ሲቀዳ ጠርሙሱ ሳይነቀነቅ፣ የመጨረሻው ጣት የምታህል ከሥሩ ትቅር።