ፈፋው የደረቀበት ነቢይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የምንማማረው ከሥራ ስለ መቀነስ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ቃል ለማንም እንግዳ አይደለም። ደሴም ያው ነው፤ የሐረጎን ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲሠራ የሚውል ልጅ፣ ወይም እዚያው ቤት ተከራይታ ፋብሪካ የምትገባ እኅት በየሰፈሩ አለች።

ሕመም ያማል፣ ሞት ያስለቅሳል፤ ቅነሳ ግን እያስለቀሰ ያስቃል። አምና "ምስጉን ሠራተኛ" ተብላ የምስክር ወረቀት የተቀበለች ልጅ ዘንድሮ ስሟ ከተቀናሾች ዝርዝር ላይ ይለጠፋል። አዲሲቱን ሠራተኛ ማሽኑ ላይ አስቀምጣ ያስተማረቻት እርሷ ናት፤ የምትቀረው ግን አዲሲቱ ናት። ደብዳቤው "ላበረከቱት አስተዋፅኦ እያመሰገንን" ይልና በሚቀጥለው መስመር ያሰናብታል። ከዚያ ክሊራንስ ይመጣል፦ መቀስ መመለስህን ንብረት ክፍል፣ ዕዳ እንደሌለብህ ሒሳብ ክፍል፣ ባጅ ማስረከብህን ጥበቃ እንዲፈርሙልህ ከቢሮ ቢሮ እየዞርህ ለመባረር ደጅ ትጠናለህ። ዝርዝሩን የተየበው የሰው ሀብት ሠራተኛም በሁለተኛው ዙር የራሱን ስም ይተይባል። በማግስቱ ጠዋት ሰርቪሱ እንደ ወትሮው በደጃፍህ ጥሩንባውን ነፍቶ ያልፋል። "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" ይባል ነበር፤ ሠሪው ራሱ እሾህ ሲያጭድ ምን ይባላል?

ይህን የምዘረዝረው ቁስል ለመነካካት አይደለም። አማኝ የሆነ ሰው ከችግሩ በላይ የሚያሠቃየው አንድ ሐሳብ ስላለ ነው፤ "እግዚአብሔር እየሳቀብኝ ይሆን?" የሚለው። ነውር ነው ብለን ለነፍስ አባታችን እንኳ አናወጣውም። ስለዚህ ይህንኑ ሐሳብ ይዘን ወደ ኤልያስ እንሂድ።

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ላይ ነቢዩ በንጉሡ በአክዓብ ፊት ቆሞ ጠልም ዝናብም እንደማይወርድ ተናገረ። እግዚአብሔርም በኮራት ፈፋ ተሸሸግ፣ ከወንዙ ትጠጣለህ፣ ቁራዎች ይመግቡሃል አለው። ሄደ፤ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ መጣለት፤ ከወንዙም ጠጣ። ቋሚ ቅጥር አገኘ ብትሉ አልፈርድባችሁም። ከዚያ ወንዙ ደረቀ። መጽሐፉ ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል፤ ዝናብ ስላልነበረ ነው። ዝናብ እንዳይዘንብ የጸለየውስ ማን ነው? ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ቁጥር 17 ይነግረናል፤ "ኤልያስ እንደ እኛ የሆነ ሰው ነበረ፤ ዝናብም እንዳይዘንብ አጥብቆ ጸለየ።" ነቢዩ በገዛ ጸሎቱ የገዛ ውኃውን አደረቀ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምጸት ከየት ይመጣል?

ልብ በሉልኝ፤ ኤልያስ ወንዙ ሲደርቅበት አልቀበጠም፣ አልሰነፈም፣ የተላከበትንም ቦታ አልለቀቀም። ታዝዞ በሄደበት ቦታ፣ በታዘዘው ሥራ ላይ ሳለ ነው ውኃው ያለቀበት። እኛ ግን አንድ ወንድም ከሥራ ሲቀነስ ጥፋቱን ፍለጋ እንወጣለን። አሥራት አያወጣም ነበር እንላለን፤ ቅዳሴ ትቶ ኦቨርታይም ይገባ ነበር እንላለን። (ይህን ከሚሉት ጥቂት የማይባሉት እሑድ ሱቃቸውን የማይዘጉ ናቸው፤ እርሱን ሌላ ጊዜ እንማማርበታለን።) የተቀነሰው ወንድምም ሌሊቱን በራሱ ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ሲያካሂድ ያድራል።

እስቲ የኮምቦልቻን ነገር አስቡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ከገጠር ከወረዳው ተስፋ ሰንቆ መጣ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ እፎይ ብላ ወር ሳይሞላት፣ በታኅሣሥ 2014፣ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምታስገባበት የአጎዋ ዕድል ተቋረጠ። ሸሚዝ እጅጌ ስትገጥም የምትውል ልጅ ዋሽንግተን ውስጥ በተወሰነ ውሳኔ ምን ድርሻ ነበራት? የኮራት ፈፋ ከሰማይ መዘጋት የተነሣ እንደ ደረቀ፣ የብዙዎቻችሁም እንጀራ የተቋረጠው እናንተ ከማታዙበት ቦታ ነው። በማታዙበት ነገር ንስሐ አይገባም።

በእርግጥ በጥፋቱ የሚሰናበትም አለ። ሉቃስ 16 ላይ ያለው መጋቢ የጌታውን ሀብት አባክኖ ነው ሒሳብህን አስረክብ የተባለው። እርሱ እንኳ "ለመቆፈር ኃይል የለኝም፣ መለመንም አፍራለሁ" ብሎ አቅሙን በሐቅ መዘነ እንጂ ተኝቶ አልቀረም። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ከኤልያስ ታሪክ እኔን ሁልጊዜ የሚከብደኝ የጊዜው ነገር ነው። "ተነሥተህ ወደ ሰራፕታ ሂድ" የሚለው ቃል የመጣው ወንዙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሊደርቅ ሲል አይደለም። የወር ደመወዝ ሳያልቅ ሌላ ሥራ እንዲመጣ ጸልያችሁ ያልመጣላችሁ ካላችሁ፣ ነቢዩም ደረቅ ድንጋይ እያየ የቆየበት ሰዓት እንደ ነበረው አትርሱ። ይህን ላለሳልሰው አልፈልግም፤ መጽሐፉም አላለሳለሰውም።

የተላከበትን ቦታ ደግሞ እዩ። ሰራፕታ የሲዶና ናት፤ ሲዶና የአክዓብ ሚስት የኤልዛቤል አባት አገር ናት። ከአክዓብ ሸሽቶ ወደ አማቱ ግዛት! እዚያ የሚቀበለው ባለጠጋ ነው ብትሉ፣ አይደለም፤ ጭራሮ የምትለቅም ባልቴት ናት። ያላት እፍኝ ዱቄትና በማሰሮ ያለ ጥቂት ዘይት ነው፤ ያንንም ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነው ያሰበችው። ለነቢዩ የተመደበችለት መጋቢ ከነቢዩ የባሰች ርሃብተኛ ናት። ኤልያስ ግን ይህቺ ለእኔ ክብር አትመጥንም አላለም፤ ጥቂት ውኃ ስጪኝ ብሎ ለመነ።

ወንድሜ ሆይ፣ ዲግሪ ይዘህ ተቀንሰህ ይሆናል። ቀጣዩን የሥራ ወሬ የሚነግርህ ግን ኮብልስቶን ሲጠርብ የሚውለው የቀድሞ የክፍል ጓደኛህ፣ ወይም በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው እናት ልትሆን ትችላለች። ከእነርሱ ለመስማት ጆሮህ ይዘንብል። ችግር የሚጸናው እርዳታ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም፤ ከታች የመጣውን እርዳታ አንቀበልም ስለምንልም ነው።

እፍረቱን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ተቀንሶ ሳለ ጠዋት ለብሶ፣ ቦርሳ ይዞ፣ "ሥራ ሄድኩ" ብሎ ወጥቶ ፒያሳ ሲንከራተት የሚውል ባል አለ። ሚስቱ ነገሩን የምትሰማው ከጎረቤት ቡና ላይ ነው። እባካችሁ፣ ቅነሳውን በመጀመሪያው ሳምንት ለቤታችሁ ንገሩ። ሥራ ማጣት ነውር ቢሆን ኖሮ ጌታ በማቴዎስ 20 ያንን ምሳሌ ባልተናገረ። የወይኑ ባለቤት በአሥራ አንደኛው ሰዓት ወጥቶ በገበያ የቆሙትን አገኘ፤ ለምን ሥራ ፈትታችሁ ቆማችኋል ሲላቸው "የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው" አሉት። መልሳቸውን ተቀበለ። ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ብሎ አልገሠጻቸውም፤ እናንተም ወደ ወይኑ ሂዱ አላቸው። ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንጋጣችሁ የምትውሉ ሁሉ፣ ጌታ ራሱ የሚያውቀው ቦታ ላይ ነው የቆማችሁት።

አንዳንዱ ደግሞ ትሕትና መስሎት የሚገባውን ክፍያ ትቶ ይወጣል። "ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ" ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን መብቱ ሲነካ "ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ" አለ፤ ሐዋርያነቱም አልቀነሰበትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከልበታል። ቀሪ ደመወዙና ሌላው ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃም መብቱ ነው፤ ሳትይዙት አትውጡ። እንቢ ከተባላችሁ በከተማው የሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አለ፤ ፍርድ ቤት አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ የተቀማው የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል፤ ደመወዙ ሲጮኽ ባለቤቱ ዝም ማለት የለበትም። ይህን ሁሉ ግን ያለ ስድብ አድርጉት። ደብዳቤውን የሰጣችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የታዘዘውን ያደረሰ ምስኪን ነው።

ከሁሉ የምፈራው የንዴቱን ወር ነው። በዚያ ወር ደላላ ይመጣል። ወሎ ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ በጅቡቲ በኩል፣ በበረሃና በባሕር ወደ ዓረብ አገር ያስገባሻል የሚል ሰው ደጃፍ ላይ ይቆማል። የስንብት ገንዘቧን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ አስረክባ የምትሄድ እኅት አለች። መሰደድ በራሱ ኃጢአት ነው አልልም፤ እመቤታችንም ልጇን ይዛ ተሰድዳለች። ግን ልብ በተቃጠለበት ሰዓት፣ ቤተሰብ ሳይሰማ፣ ሕጋዊ ባልሆነ መንገድ አትወስኑ። ቀኑን በጫትና በጠላ ቤት የሚገፋውም ያው ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ንዴቱ አያልቅም።

ኤልያስም ንዴት አልፎበት ያውቃል። ምዕራፍ 19 ላይ በክትክታ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" አለ። ክትክታን እናውቀዋለን፤ በተራራችን ሞልቷል። እግዚአብሔር ለዚህ ጸሎት የመለሰው ስብከት አልነበረም። ነቢዩ ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላና እንደገና ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ" አለው። ስለዚህ ተስፋ ቆርጣችሁ ከአጽዋማቱ በላይ ሰውነታችሁን የምትቀጡ፣ ያንን ከነፍስ አባታችሁ ጋር ሳትመክሩ አታድርጉ። ብሉ፤ ተኙ። ቅዳሴውን ግን አትተዉ፤ ነጠላዬ አርጅቷል፣ ለሙዳየ ምጽዋት የምጥለው የለኝም ብሎ ከደጀ ሰላም መቅረት የጠላት ምክር ነው።

አሁን ሥራ ላይ ላለነው። የተቀነሰ ሰው ቤት ስትሄዱ "ለበጎ ነው" ለማለት አትቸኩሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለበጎ መሆኑን ባለቤቱ አንድ ቀን ራሱ ይለው ይሆናል፤ ከእኛ አፍ ግን ደመወዛችንን እንደ ተቀበልን ሲወጣ ይመራል። ከምክሩ ይልቅ የአንድ ወር የዕድር መዋጮውን ክፈሉለት፤ ፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ያዙለት፤ መሥሪያ ቤታችሁ ማስታወቂያ ሲያወጣ ደውሉለት።

ስለ ጽዋ ማኅበራችንም አንድ ነገር ልጨምር። ጽዋውን የመደገስ ተራቸው ሊደርስ ሲል ድምፃቸውን አጥፍተው የሚቀሩ አሉ፤ ምክንያቱ እምነት መቀዝቀዝ አይደለም፤ ጠላ መጥመቂያ ጌሾና ብቅል የሚገዙበት አጥተው ነው። ድግሱን ያከበድነው እኛ ነን፤ ዝክር በዳቦና በቆሎ ይዘከራል፤ ቅዱሳኑ አይቀየሙም። የየማኅበሩ ሙሴዎች፣ ማለት መሪዎች፣ በዚህ ወር ተረኞቻችሁን አስቀድማችሁ በግል አነጋግሩ። ሥራ ያጣ ካለ ወጪውን ማኅበሩ ይሸፍን፤ ጽዋው ግን በተራው ቀን በእርሱው ቤት ይጠጣ፤ ወደ ሌላ ሰው ቤት አታዛውሩበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።